በድሮ ልኬ የተሠራችው አሻንጉሊት

ውድ እህቴ ሚጢዬ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ላይ ማቃሰቱን ተወ ወይስ ባሰበት? እናታችን ዓይኗ ተሻላት? ጠብታውን ጠዋትና ማታ ታደርጊላታለሽ ወይስ «ዛሬ አላስፈለገኝም» እያለች ታታልልሻለች? ትልቁ ልጅሽ ከደብተር ጋር ታረቀ? የትንሿስ የወለቀው ጥርስ በቀለ? አክስታችንን ሳሉ ለቀቃት? ምላሷ እንደማይለቃት አውቃለሁና ስለ እሱ አልጠይቅም። ሁላችሁም ቀን በቀን ውል ትሉኛላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ደንብ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እዚያ ጋ ስደርስ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ፤ ስለዚህ ትቼው አልፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ያልደወልኩልሽ ምክንያት አለኝ። እናታችን የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደርጋ እያንዳንዱን ቃል ካልሰማች አይሆንላትም፤ እኔ ደግሞ እሷ እየሰማችኝ እውነት መናገር ከልጅነቴም አልችልበትም። ደብዳቤውን የያዘችውን መንገደኛ ከጥቅምት ሃያ ሰባት በፊት በእጅሽ እንድታደርስልኝ አስምዬ ነው የሰጠኋት። ሃያ ሰባት ሐኪሙ ጨጓራሽን ሊቆርጥልሽ የቀጠረሽ ቀን ነውና ካለፈ በኋላ ብታነቢው ለእኔም ለአንቺም አይጠቅምም።

ባለፈው ወር ደውለሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። «እኔም እንደ አንቺ ላስቆርጥ ነው፣ እንደ አንቺ ልቅጠን፤ ማርያምን እውነቱን ንገሪኝ፣ ያማል ወይ?» አልሽኝ። እኔም «ከወተት ላይ ፀጉር እንደ ማንሳት ነው» አልኩሽ። ተኝተሽ ትነሻለሽ፣ በሳምንቱ ሥራ ትገቢያለሽ ብዬም ጨመርኩበት። አንቺ ሳቅሽ፣ እናታችንም ከጎንሽ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። በማግስቱ ሄደሽ ቀጠሮ ያዝሽ። ሚጢዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሳላውቅም ተሳስቼም አይደለም፤ አስቤበት ነው። ለምን እንደ ሆነ በኋላ እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን ያማል ወይ ላልሽው፣ እኔ ከተቆረጥኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛልና፣ መልሱን ስሚ።

ስነቃ መጀመሪያ ያመመኝ ሆዴ አይደለም፣ ትከሻዬ ነው። ለሥራቸው እንዲመቻቸው ሆድን በአየር ይነፉታል፤ የተረፈው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻ ሥር ይወሸቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ከአልጋ ጥለው ትከሻዬን ያወለቁኝ መስሎኝ ጮህኩ። ነርሷ መጥታ «ተነሺና ተራመጂ፣ አየሩን የሚያስወጣው እግርሽ ነው» አለችኝ። ሆዴ አምስት ቦታ ተበስቷል፤ በአንደኛው ቀዳዳ ቱቦ ወጥቶ ደም የቀላቀለ ውሃ ወደ ከረጢት ያንጠባጥባል፤ እሷ ተራመጂ ትላለች። የሆስፒታሉ ቀሚስ ከኋላ ስላልተገናኘልኝ ሁለት አለበሱኝ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። እንደዚያ ሆኜ፣ ከረጢቴን እንደ ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ኮሪደሩን ዞርኩ። አንዲት ጠያቂ ልጇን ወደ ራሷ ጎትታ አሳለፈችኝ።

ውሃ የሚሰጡሽ በሽሮፕ መለኪያ ነው። እሷኑ በሩብ ሰዓት አንድ ጊዜ፣ እየተጠባች። እኔ እንደምታውቂኝ ቆሜ ጆግ የምጨርስ ሰው ነበርኩ። ሁለተኛ ቀን ላይ ነርሷ ዞር ስትል ሁለት መለኪያ አከታትዬ ጨለጥኩ። ወዲያው ተመለሰ። አምስት ቦታ ተበስቶ ማስመለስ ምን እንደሆነ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩት። ነርሷ ትራስ ሆዴ ላይ ጫነችና «ስታስይም ስታስመልሺም እንዲህ ይዘሽ ተጫኚው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያለዚያ ትራስ አላሳልኩም፣ አላስነጠስኩም፣ አልሳቅሁም። ለመሳቁ እንኳ ብዙ አልተቸገርኩም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ማን እንዳስታመመኝ አልጠየቅሽኝም። አይዞሽ፣ ማንም አልጠየቀኝም። በጎኔ መተኛት ስለማልችል ወንበር ላይ ተቀምጬ አንቀላፋ ነበር። ደም እንዳይረጋብኝ ለአሥር ቀን በየቀኑ ሆዴን በራሴ እጅ በመርፌ ወጋሁ። የመጀመሪያውን ቀን መርፌውን ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ለመድኩት። አከራዬ በር ላይ ቆማ «ይተላለፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይተላለፍም አልኳት፤ እሷ ግን የመታጠቢያ ቤቱን እጀታ እስከዛሬ በጨርቅ ነው የምትይዘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም ሕመም ብሎ አይቆጥረውም። በሦስተኛው ወር ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ ወጣ። ይበርደኛል፤ ሰው በሸሚዝ በሚሄድበት ቀን እኔ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ሥጋው ሄዶ ቆዳው ቀረ። ሆዴ ላይና ክንዴ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ በላብ ይላጣል፤ ጠዋት ጠዋት አጥፌ በፋሻ አስሬው ነው የምለብሰው። ጨጓራ ይቆረጣል እንጂ ምኞት አይቆረጥም፤ ከምግብ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ሽታ ስምግ ሰው አይቶኝ አፍሬ ሄጃለሁ። ድሮ ሰው ሲበድለኝ «ሆድ ይፍጀው» እል ነበር። አሁን የቀረልኝ ሆድ የጡጫ ያህል ነው፤ ሦስት ማንኪያ እንኳ አይፈጅም።

ሁሉም ክፉ ነው ብልሽ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። ጉልበቴ ድኗል። የሥራ ቤቴን አርባ ሁለት ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ። ሐኪሙ ስኳርሽ ወርዷል ብሎኛል። ስለዚህ ሂጂም አትሂጂም ልልሽ አይደለም የምጽፈው።

አሁን ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። የምሠራው ለወፍራም ሴቶች ብቻ ልብስ የሚሰፋበት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሠሪያችንን ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ወይዘሮ ሜትር ነው የምንላት። ያልነገርኩሽ እኔ እዚያ ቤት ምን እንደነበርኩ ነው። ለእኛ ልክ የሚሆን የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ገበያ ላይ ስለሌለ የሚሰፋው ልብስ ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው በእኔ ላይ ነበር። ጠዋት መስተዋቱ ፊት እቆማለሁ፣ ስፒል ይሰካብኛል፣ «ክንድሽን አንሺ፣ ዙሪ፣ ቁጭ በይ፣ የት ጋ ያዘሽ?» እባላለሁ። ብብቴን ይዞኛል ካልኩ ይፈታል፤ ዳሌዬ ላይ ካማረ ሃያ ይሰፋል። ደንበኞች መጥተው በእኔ ላይ አይተው ያዝዛሉ። ወይዘሮ ሜትር «ንግሥቴ» ነበር የምትለኝ። ሰፊዎቹ ልጆች ድንቡሽ ይሉኛል፣ ያም ቢሆን ከክፋት አልነበረም። ሰውነቴ ያላሳፈረኝ በዓለም ላይ እዚያ መስተዋት ፊት ብቻ ነው። እኔ ግን እሱንም አስቆረጥኩት።

በስድስት ሳምንቴ ወደ ሥራ ስመለስ ወይዘሮ ሜትር ሜትሩን በደረቴ ዙሪያ አደረገችው። አንድ ጊዜ ለካች፣ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ሜትሩን መልሳ አንገቷ ላይ አድርጋ «ምን አደረግሽ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ዕቃ እንደተሰበረበት ሰው ነው ያለችው። ከመስተዋቱ ፊት አንስታ ጥግ ላይ ቁልፍ መትከል ሰጠችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከደብተሯ የድሮ ልኬን አውጥታ ከወፍራም ጨርቅ አሻንጉሊት አስቆረጠች፤ አንገት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌ፣ እስከ ጭን። ቆዳዋ ተሰፍቶ ባዶዋን መጣች። «አንቺ ሙያት፣ ልኩን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» አለችኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወለል ላይ ተቀምጬ የጨርቅ ቁርጥራጭ በጡጫዬ እየጠቀጠቅሁ ሞላኋት። ሆዷ ጋ ስደርስ ጎንበስ ማለት አቃተኝ፤ ስፌቴ ይጎትተኛል። ያንን ትራስ ከቤት አምጥቼ በራሴ ሆድ ላይ ይዤ በሌላው እጄ የእሷን ሆድ ሞላሁ። ወይዘሮ ሜትር በየመሀሉ እየመጣች ትለካኝና፣ ማለቴ ትለካትና፣ «ገና ነው፣ ጨምሪ» ትላለች። ሲያልቅ ልጆቹ ደረቷ ላይ በቀይ ክር «ድንቡሽ» ብለው ጠለፉባት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። መስተዋቱ ፊት የእኔ ቦታ ላይ ቆመች። እኔ ከጥግ ሆኜ ቁልፍ እየተከልኩ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን አያለሁ።

አሻንጉሊት ግን ቁጭ አትልም፣ ብብቷን ሲይዛትም አትናገርም። ባለፈው ወር ሁለት ደንበኞች ልብስ መለሱ፣ አንዷ ላይ ስትቀመጥ ተተረተረባት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሜትር ጥጌ ድረስ መጥታ «እህት አለችኝ ትይ አልነበር? እንደ አንቺ እንደ ድሮሽ ከሆነች የመምጫዋን ጉዳይ እኔ እጨርሳለሁ፣ ነገ ትምጣልኝ» አለችኝ። ሚጢዬ፣ ስንት ጊዜ «እዚያ ሥራ ፈልጊልኝ፣ ምንም ይሁን» ብለሽ ጻፍሽልኝ? ስንት ጊዜ የለም አልኩሽ? ሥራው በእግሩ መጥቶ ሲለምነኝ ግን ለወይዘሮ ሜትር «እህቴማ እንደ ክር ቀጭን ናት» ብዬ መለስኩላት።

በሦስተኛው ቀን አንቺ ደወልሽ። ያማል ወይ አልሽኝ። አየሽ፣ ለእሷ ቀጭን ናት ብያለሁ፤ ለአንቺ አያምም ካልኩሽ ትቆረጫለሽ፣ የመጀመሪያው ውሸቴም እውነት ይሆንልኛል። እንደዚህ ነው ያሰብኩት። ስልኩን ስዘጋ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ያን ቀን አራት ማንኪያ በላሁ።

ምቀኛ አታሳጣኝ ይላሉ፤ አንቺን አላሳጣሽም። እኔ ስሸማቀቅበት በነበረው ሰውነት አንቺ በቦታዬ ቆመሽ፣ ስፒል እየተሰካልሽ፣ «ንግሥቴ» ስትባዪ ማየት አልፈለግሁም። ሌላም አለ። በሠርግሽ ቀን «አንቺ ከኋላ ቁሚ፣ ትሸፍኚናለሽ» አልሽኝ። ከኋላ ቆምኩ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ በፍሬሙ አልገባም ብለሽ ጫፉን በመቀስ ቆረጥሽው፤ ጫፉ እኔ ነበርኩ። እናታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ቀና ብለሽ እዪው፣ በቀኝ በኩል ትከሻሽ ላይ የተቀመጠ አንድ ክንድ አለ። እኔን በመቀስ አወጣሽኝ፤ ባልሽ ደግሞ አንዲት ቀጭን ሴት ተከትሎ በገዛ እግሩ ወጣ። ከዚያ ፎቶ የቀራችሁት አንቺና ክንዴ ብቻ ናችሁ። ስለ እሱ ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ለዚህ ዓመት የዋሸሁት ይበቃኛል።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካት ትይ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ አንቺ ሳትኖሪ ደውዬ እናታችን አነሳችው። ከአንቺ ጋር ሆስፒታል እንደማትገባ ነገረችኝ። «አይሆንም ብላ ከለከለችኝ፤ እህቴ አያምም ብላኛለች፣ ለማያምም ነገር ምን አስታማሚ ያስፈልጋል፣ ብቻዬን ገብቼ ብቻዬን እወጣለሁ አለች» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። እኔ ግን ነርሷ ዞር ስትል አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ መለኪያዋን ስትጨልጪ ታየሽኝ። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ትራሱን ማንም እንዳልነገረሽ ታወሰኝ።

አርብ ጠዋት ወይዘሮ ሜትር ጋ ሄጄ «እህቴ እንደ ድሮዬ ናት፣ ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አልጠየቀችኝም። አሻንጉሊቷን አየት አደረገችና «ከዚህች ጋር ትመጣጠናለች?» አለችኝ። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝና ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድና ጭን፣ አምስት ቁጥር ላኪልኝ በያት አለችኝ። ያን ሜትር አውልቃ ለሌላ ሰው ስትሰጥ ያን ቀን ገና አየሁ።

ስለ ሥራውም አላስውብልሽ። መቆም ነው፣ ቀኑን ሙሉ፤ በዚያ ጉልበት። ስፒል ይወጋሻል። ልጆችሽን ለእናታችን ትተሽ ነው የምትመጪው። «ንግሥቴ» ስትልሽ ልብሽ እንዳይሞቅ፤ የምትወደው ልክሽን ነው፣ በከሳሽ ቀን ጥግ ላይ ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክያለሽ። ይህን ትተሽ መቆረጡን ከመረጥሽም መብትሽ ነው። እንደዚያ ከሆነ ግን ቀኑን አራዝሚው። ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ትራስሽን እይዝልሻለሁ፣ ኮሪደሩንም አብረን እንዞራለን። ሁለት ቀሚስ ካለበሱሽ ከኋላ ያለውን እኔ አስርልሻለሁ። ብቻ ብቻሽን አትግቢ። እኔን ለመጥላት ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ በሰፊው ጊዜ አለሽ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የትከሻውንና የትራሱን ብቻ ንገሪያት፣ የቀረውን አትንገሪያት። አክስታችንን ሰላም በይልኝ፣ ከስታለች ብላ ያወራችብኝ ሁሉ እውነቷን ነው። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ትንሿን የጎደለውን ጥርሷን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊውን የላከልኝ ጫማ አሁን እንደሚሰፋኝ ንገሪውና ይሳቅ። ከግድግዳው ላይ ያለውን ክንዴንም ሰላም በይልኝ።

ሜትሩን ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ ዳሌሽ ላይ አይገናኝልሽም። እንዳታለቅሺ፣ በሩንም ዝጊ። ያለቀበት ላይ አውራ ጣትሽን አድርጊና ከዚያ እንደገና ጀምሪ፤ በእኔም ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚለካው።

እህትሽ ድንቡሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ከቁልፍ መትከያው ጥግ
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን